የሳሚ ትል፦ በአንድ ፕሮፋይል ላይ የተቀመጠ ኮድ በ20 ሰዓት ውስጥ እንዴት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች ጋር ደረሰ

መስከረም 24 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2005 መሆኑ ነው፣ ከእኩለ ሌሊት ጥቂት አለፍ ሲል በሎስ አንጀለስ የሚኖር ሳሚ ካምካር የተባለ የ19 ዓመት ወጣት ማይስፔስ በተባለው የማኅበራዊ ትስስር ድረ ገጽ ላይ በነበረው ፕሮፋይል ውስጥ በጃቫስክሪፕት፣ ማለትም ብራውዘር በሚያስኬደው የፕሮግራም ቋንቋ፣ የተጻፈ አጭር ኮድ አስቀመጠ። በዚያን ሰዓት የነበሩት ጓደኞች 73 ነበሩ። 20 ሰዓት ሳይሞላ የደረሱት የጓደኝነት ጥያቄዎች ከአንድ ሚሊዮን በለጡ፤ ጥያቄዎቹን የላከው ግን የሰዎቹ ፈቃድ ሳይሆን ገጽ ሲከፍቱ ብራውዘራቸው ያስኬደው ኮድ ነበር።

ጉዳዩ ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ያስቆጠረ ቢሆንም፣ «የተከማቸ ክሮስ ሳይት ስክሪፕቲንግ» ስለሚባለው የደህንነት ክፍተት ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። አንደኛ፣ ኮዱንና እያንዳንዱን እርምጃ ጸሐፊው ራሱ በይፋ ስላብራራ በግምት የምንሞላው ቦታ የለም። ሁለተኛ፣ ማይስፔስ መከላከያ ያልነበረው ድረ ገጽ አልነበረም፤ ማጣሪያ ነበረው፣ ማጣሪያውም ብዙ ነገር ይከለክል ነበር። መማር የሚገባንም እዚህ ላይ ነው፤ ምንም አጥር የሌለው ቤት ቢዘረፍ የሚያስተምረው ጥቂት ነው፣ አጥር ያለው ቤት የተገባበት መንገድ ግን አጥሩ የት እንደተሳሳተ ያሳያል።

ማይስፔስ ለተጠቃሚዎቹ የሰጠው ነጻነት

ማይስፔስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን በ2005 በአሜሪካ ወጣቶች ዘንድ እጅግ ታዋቂው የማኅበራዊ ትስስር ገጽ ሆኖ ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ ወር ኒውስ ኮርፖሬሽን የማይስፔስን ባለቤት ኩባንያ በ580 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን አስታውቋል። ወጣቱን ወደዚያ ከሳቡት ነገሮች አንዱ እያንዳንዱ ሰው ፕሮፋይሉን እንደፈለገ ማስዋብ መቻሉ ነበር። የገጹን መደብ ቀለም መቀየር፣ ሥዕል መለጠፍ፣ ዘፈን ማስገባት ይፈቀድ ነበር፤ ይህንንም የሚያደርጉት በፕሮፋይላቸው ሳጥኖች ውስጥ የኤችቲኤምኤል ታጎችን (የገጹን ክፍሎች የሚያበጁ ምልክቶችን) እና የስታይል ትእዛዞችን (የገጹን መልክ የሚወስኑትን) በቀጥታ በመጻፍ ነበር።

እንግዲህ ኩባንያው የገባበት ችግር ከስንፍና የመጣ አልነበረም። የሚያስፈልገው ተጠቃሚው የጻፈውን ኤችቲኤምኤል በከፊል ማስኬድ፣ በከፊል ደግሞ ማገድ ነበር። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማድረግ ቀላል ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ግን ዛሬም ቢሆን ከድረ ገጽ ሥራዎች ሁሉ አስቸጋሪው ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ጽሑፍ ትእዛዝ የሚሆንበት ቦታ

ብራውዘር ከሰርቨር የሚቀበለው ገጽ ረጅም ጽሑፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለዓይን የሚታየው ቃልና ለብራውዘሩ የሚተላለፈው ትእዛዝ ጎን ለጎን፣ በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፈው ይገኛሉ። የሚለያያቸው የጥቂት ምልክቶች መኖርና አለመኖር ነው፤ «ያንሳል» የሚለው የሒሳብ ምልክት ከመጣ ብራውዘሩ «ከዚህ በኋላ ያለው ታግ ነው» ብሎ ያነባል፣ ምልክቱ ከሌለ ደግሞ ተራ ጽሑፍ ነው ብሎ ስክሪኑ ላይ ያሳያል። ተጠቃሚ የጻፈው ነገር በመረጃ ቋት ተከማችቶ ቆይቶ፣ በኋላ ለሌላ ሰው በሚላክ ገጽ መካከል እንዳለ ሲገባ፣ ከጽሑፍነት ወደ ትእዛዝነት የሚሸጋገርበት ዕድል ካለው የተከማቸ ክሮስ ሳይት ስክሪፕቲንግ ተፈጠረ እንላለን።

የዚህ ክፍተት ሌላኛው ዓይነት፣ ተንጸባራቂ የሚባለው፣ ተጠቂው በተንኮል የተዘጋጀ ሊንክ እንዲጫን ይጠይቃል። የተከማቸው ግን ማንንም መጥራት አያስፈልገውም። ኮዱ ሰው በሚመላለስበት ገጽ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ተጠቂው የሚሠራው ስህተት የለም፤ ዘወትር የሚከፍተውን ገጽ ከፈተ እንጂ። ለዚህ ነው «የማታውቁትን ሊንክ አትጫኑ» የሚለው የተለመደ ምክር በዚህ ጉዳይ ላይ አንዳች የማይፈይደው።

ጉዳቱን ለመረዳት አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ብራውዘሮች ኔትስኬፕ ናቪጌተር ከተባለው የቀድሞ ብራውዘር ሁለተኛ እትም ጀምሮ «የተመሳሳይ ምንጭ ደንብ» የሚባል ሥርዓት ያከብራሉ። በዚህ ደንብ መሠረት ከአንድ ድረ ገጽ የመጣ ኮድ የሌላውን ድረ ገጽ ገጾች ማንበብ አይችልም፤ የራሱን ድረ ገጽ ገጾች ግን እንደ ልቡ ያነባል፣ በተጠቃሚውም ስም ጥያቄ ይልካል። ደንቡ የሚጠይቀው ኮዱ ከየትኛው አድራሻ እንደመጣ ነው፤ ማን እንደጻፈው አይጠይቅም፣ ሊያውቅም አይችልም። ስለዚህ አንድ እንግዳ የጻፈው ኮድ በማይስፔስ ሰርቨር በኩል እስከመጣ ድረስ፣ በብራውዘሩ ዓይን የማይስፔስ የራሱ ኮድ ነው።

ይህ በ2005 አዲስ ግኝት አልነበረም። ስሙን የማይክሮሶፍት መሐንዲሶች በጃንዋሪ 2000 ያወጡለት ሲሆን፣ በአሜሪካ የሚገኘው የኮምፒውተር አደጋ ምላሽ ማዕከል ሰርት በፌብሩዋሪ 2000 ስለ ጉዳዩ በይፋ አስጠንቅቋል። ራሱን እያባዛ የሚሰራጨው የሳሚ ትል የተለቀቀው ከማስጠንቀቂያው አምስት ዓመት ተኩል በላይ ዘግይቶ ነው።

ማጣሪያው ያነበበውና ብራውዘሩ ያነበበው

የማይስፔስ ማጣሪያ የተከለከሉ ነገሮችን ዝርዝር ይዞ የሚሠራ ነበር። ስክሪፕት የሚለውን ታግ ያጠፋል፤ «ሲጫን»፣ «ሲከፈት» እንደሚሉት ያሉ በታግ ውስጥ የሚጻፉ፣ ኮድ የሚያስነሱ ባሕርያትን ያጠፋል፤ ጃቫስክሪፕት በሚል ቃል የሚጀምሩ ሊንኮችን ያጠፋል፤ እንዲያውም «ጃቫስክሪፕት» የሚለውን ቃል የትም ቦታ ቢያገኘው ይሰርዘዋል። ለማስዋቢያ ሲባል ግን «ዲቭ» የሚባለውን ታግና በውስጡ የሚጻፈውን ስታይል ይፈቅዳል።

ቀዳዳው የተገኘው እዚህ ነው። በስታይል ውስጥ የመደብ ሥዕል አድራሻ ይጻፋል፤ በዚያን ዘመን የነበሩት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርና አንዳንድ የሳፋሪ እትሞች ደግሞ በሥዕሉ አድራሻ ቦታ የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ ቢጻፍ ሥዕል ከመፈለግ ይልቅ ትእዛዙን ያስኬዱ ነበር። ቃሉ ራሱ ስለሚሰረዝ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ሳሚ ያደረገው ቃሉን በሁለት መስመር መክፈል ነበር፤ «ጃቫ» ብሎ ጽፎ መስመር ሰበረ፣ በሚቀጥለው መስመር «ስክሪፕት» አለ። ማጣሪያው ሁለት የማይገናኙ ቃላት አየና አሳለፈ፤ ብራውዘሩ ግን የመስመሩን ስብራት ችላ ብሎ ሁለቱን ገጥሞ አነበባቸውና ትእዛዙን ፈጸመ።

ይህን ስመለከት ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የቅኔያችን ሰምና ወርቅ ነው። አንድ ኅብረ ቃል አጥብቀን ወይም አላልተን፣ ገጥመን ወይም ቆርጠን ስናነበው ትርጉሙ እንደሚለወጥ ሁሉ፣ አንዱ የኮድ መስመር ለማጣሪያው ሰሙን ብቻ ሰጥቶ ለብራውዘሩ ወርቁን አስረክቧል። ንጽጽሩ ለውበት የመጣ አይደለም፤ የስህተቱን ሥር በትክክል ይናገራል። ጽሑፉ የሚመረመረው በአንድ አንባቢ ሲሆን የሚፈጸመው በሌላ አንባቢ ነው፣ ሁለቱ አንባቢዎች ደግሞ የተለያየ ሰዋስው አላቸው። የማጣሪያው ደራሲ እያንዳንዱ ብራውዘር በእያንዳንዱ እትሙ እንዴት እንደሚያነብ ካላወቀ በስተቀር ዝርዝሩን መቼም ጨርሶ አይጽፈውም።

የቀሩት እርምጃዎችም በዚሁ መንገድ የሄዱ ናቸው። የስታይሉን ጽሑፍ ለመክበብ ነጠላውም ድርቡም የጥቅስ ምልክት አስቀድሞ ሥራ ላይ ስለዋለ፣ በኮዱ ውስጥ የሚያገለግል ሌላ የጥቅስ ምልክት አልቀረም ነበር። ስለዚህ ዋናውን ኮድ በዚያው ታግ ላይ ራሱ በፈጠረው ሌላ ባሕርይ ውስጥ አስቀመጠና፣ ከስታይሉ ውስጥ በስሙ እየጠራ አስኬደው። ድርብ ጥቅስ የግድ ባስፈለገበት ቦታ ምልክቱን መጻፍ ትቶ፣ የፊደሉን መለያ ቁጥር 34ን ሰጥቶ ምልክቱ ኮዱ በሚሄድበት ሰዓት እንዲፈጠር አደረገ። የገጽን ይዘት ለማንበብ የሚያገለግለው «ኢነር ኤችቲኤምኤል» የሚለው ስምም ይሰረዝ ነበር፤ እሱንም «ኢነ» እና «ር ኤችቲኤምኤል» ብሎ ለሁለት ከፍሎ በመደመር ምልክት አገጣጠመው። ለእያንዳንዱ ክልከላ አንድ መዞሪያ ተገኘለት፣ መዞሪያዎቹም ሁሉ አንድ ጠባይ ነበራቸው፤ ክልክሉ ቃል በሰርቨሩ ላይ አይገኝም፣ ብራውዘሩ ውስጥ ሲደርስ ግን ይወለዳል።

ሁለቱ ተጨማሪ አጥሮች

በማይስፔስ ዘንድ ከማጣሪያው ሌላ ሁለት መከላከያዎች ነበሩ፤ ለደህንነት ባለሙያ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው የእነዚህ ታሪክ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሁለቱም እስከ ዛሬ የምንመካባቸው ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ፕሮፋይሎች የሚታዩት ከዋናው አድራሻ በተለየ ንዑስ አድራሻ ስር መሆኑ ነበር። የጓደኝነት ጥያቄ የሚላከው በዋናው አድራሻ ስለሆነ፣ በተመሳሳይ ምንጭ ደንብ መሠረት ከፕሮፋይሉ የተነሳ ኮድ ወደዚያ ጥያቄ ልኮ መልሱን ሊያነብ አይችልም። በሐሳብ ደረጃ ጥሩ አጥር ነው። ነገር ግን ያው ፕሮፋይል በዋናው አድራሻ በኩልም ይከፈት ነበር። ኮዱ በመጀመሪያ በየትኛው አድራሻ ስር እንዳለ ያይና፣ በንዑሱ ስር ከሆነ ያንኑ ገጽ በዋናው አድራሻ እንደገና ያስከፍተዋል፤ በዚህ ጊዜ ምንጩ አንድ ስለሆነ የሚያግደው ደንብ የለም።

ሁለተኛው፣ ጓደኛ ለመጨመር የሚላከው ቅጽ በየጊዜው የሚለዋወጥ የምስጢር ቁጥር፣ ዛሬ ቶከን የምንለው ነገር፣ ይዞ እንዲመጣ መደረጉ ነበር። ቶከኑ የሚጠቅመው ሌላ ድረ ገጽ በተጠቃሚው ስም የሐሰት ጥያቄ እንዳይልክ ነው፤ ሌላው ድረ ገጽ ቅጹን ማንበብ ስለማይችል ቁጥሩን አያውቅም። የሳሚ ኮድ ግን ከሌላ ድረ ገጽ አልመጣም። ልክ አንድ ሰው እንደሚያደርገው ቅጹ ያለበትን ገጽ አስቀድሞ ከፈተ፣ ከገጹ ውስጥ ቁጥሩን ፈልጎ አወጣ፣ ከቁጥሩ ጋር ጥያቄውን ላከ። ተጠቃሚው ይህ ሁሉ ሲሆን በስክሪኑ ላይ የሚያየው የሳሚን ፕሮፋይል ብቻ ነው፣ ሥራው የሚከናወነው ከበስተጀርባ ነውና።

ጥያቄውን ከላከ በኋላ ኮዱ የተመልካቹን ፕሮፋይል ይከፍትና «ጀግኖቼ» በሚለው ክፍል ውስጥ «ከሁሉም በላይ ግን ጀግናዬ ሳሚ ነው» የሚል ትርጉም ያለው አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይጨምራል፤ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር የራሱን ግልባጭ ያስቀምጣል። ትል ያሰኘው ይህ የመጨረሻው ድርጊት ነው። ከዚያ በኋላ የተመልካቹን ፕሮፋይል የጎበኘ ሁሉ ለቀጣዩ ሰው አስተላላፊ ይሆናል፣ የሳሚን ገጽ በዓይኑ አይቶ ባያውቅም።

የአንድ ቀን ቁጥሮች

ሳሚ ራሱ በይፋ በተወው ማስታወሻ መሠረት ኮዱን ከለቀቀ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7:30 ላይ፣ የደረሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። ከጠዋቱ 2:35 ላይ 221 ጥያቄዎች፣ ከጠዋቱ 3:30 ላይ 480፣ ከቀኑ 7:30 ላይ 6,373 ሆኑ። ከምሽቱ 12:20 ላይ ገጹን ሲከፍት ቁጥሩ 917,084 ደርሷል፤ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ገጹን ደግሞ ቢጭነው 918,268 ሆነ። በሦስት ሰከንድ ውስጥ 1,184 ሰዎች ማለት ነው። ጥቂት ደቂቃዎች አልፈው ቁጥሩ 1,005,831 ተነበበ፣ ከዚያም ድረ ገጹ ራሱ ከአገልግሎት ወጣ።

እነዚህን ቁጥሮች በጥሞና ላያቸው ሰው አስፈሪው የመጨረሻው አይደለም። ከ6,373 ወደ 917,084 ለመድረስ ከሰባት ጊዜ ጥቂት በለጥ ያለ እጥፍ መሆን ያስፈልጋል፤ ይህም በ4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ውስጥ ስለሆነ፣ የተጠቂዎቹ ብዛት በየ40 ደቂቃው ገደማ እጥፍ ይሆን ነበር ማለት ነው። ጠዋት 221 ላይ እያለ ጉዳዩን ያስተዋለ ባለሙያ በትንሽ ሥራ ባስቆመው ነበር። ነገር ግን በሚሊዮኖች የሚቆጠር ተጠቃሚ ባለው ድረ ገጽ ላይ 221 የጓደኝነት ጥያቄ ለአንድ ሰው ቢደርሰው ማን ያስተውለዋል? ብዙ ሰው የሚጽፍበትንና የሚያነብበትን አገልግሎት የሚያስተዳድሩ ሰዎች አንድ ዓይነት ጽሑፍ በብዙ ተጠቃሚዎች ስም በድንገት ሲደጋገም የሚጠቁም ክትትል እንዲኖራቸው የምወተውተው ስለዚህ ነው።

ኮዱ ያላደረገውንም መመዝገብ ይገባል። የማንንም የይለፍ ቃል አልወሰደም፣ ድረ ገጹ ተጠቃሚውን የሚያውቅበትን፣ በብራውዘሩ ውስጥ የሚቀመጠውን ኩኪም አልሰረቀም። አንዳንድ ገንቢዎች ኩኪው ከጃቫስክሪፕት እንዳይነበብ የሚያደርገውን ምልክት ካበሩ በኋላ ክፍተቱ የተደፈነ ይመስላቸዋል፤ ያ ምልክት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ውስጥ ነበረ፣ ቢበራም ኖሮ ይህን ትል ለአንድ ደቂቃ አያዘገየውም ነበር። ቁልፍ የሚሰርቅ ሰው በሩ የተዘጋበት ነው፤ ይህ ኮድ ግን የቤቱ ባለቤት ከፍቶ ከገባ በኋላ በባለቤቱ እጅ የሚሠራ ነበር። በማይስፔስ ፈንታ የባንክ አገልግሎት ወይም የሕሙማን መዝገብ ቢሆን ኖሮ፣ በተመልካቹ ስም የሚላከው ጥያቄ የጓደኝነት ጥያቄ ባልሆነ።

ጽዳቱና ፍርዱ

ማይስፔስ ኮዱን ለማጥፋት ድረ ገጹን መዝጋት ግድ ሆኖበታል። ይህ የተከማቸውን ክፍተት ከሌሎቹ የሚለይ ጠባይ ነው። ማጣሪያውን ማረም ከዛሬ ወዲያ የሚጻፈውን እንጂ ትናንት የተጻፈውን አያጸዳም፤ መርዙ በመረጃ ቋቱ ውስጥ በአንድ ሚሊዮን ሰዎች ስም ተቀምጧል። አንድ ገጽ ሳይጸዳ ቢቀርና የገጹን ጽሑፍ ወደ ብራውዘር የሚያወጣው ኮድ ካልታረመ፣ ሥርጭቱ ከዚያ ከአንዱ ገጽ ይቀጥላል። ከቆየ የመረጃ ቋት ቅጂ ላይ አገልግሎትን መልሶ ማንሳትም ያው አደጋ አለበት።

በ2006 የአሜሪካ ሴክሬት ሰርቪስ የሳሚ ካምካርን መኖሪያ ፈትሾ ኮምፒውተሮቹን ወሰደ። በጃንዋሪ 31 ቀን 2007 በሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት በከባድ ወንጀል ጥፋተኛነቱን አምኖ የሦስት ዓመት የአመክሮ ጊዜ፣ የ90 ቀን የማኅበረሰብ አገልግሎትና ካሳ ተወሰነበት፤ በአመክሮው ጊዜም ኮምፒውተርና ኢንተርኔት የመጠቀም መብቱ በጥብቅ ተገደበ። ከዚያ በኋላ የታወቀ የደህንነት ተመራማሪ ሆኗል። ፍርዱ ከብዷል ወይም ቀሏል ለማለት አልነሳም፤ ለወጣት ገንቢዎች ግን ይህን ክፍል ሳልዘል የማስተምረው ፈቃድ ባልተሰጠበት ሥርዓት ላይ የሚደረግ ሙከራ፣ ሐሳቡ ክፉ ባይሆንም፣ ከለቀቁት በኋላ ከእጅ የሚወጣ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ስለሌለ ነው።

ክፍተቱ መደፈን የነበረበት ቦታ

የማይስፔስ መሐንዲሶች ጥያቄያቸው «ከሚገባው ጽሑፍ ውስጥ ክፉው የትኛው ነው?» የሚል ነበር። የሚሻለው ጥያቄ «ይህ ጽሑፍ የሚወጣው የት ቦታ ላይ ነው?» የሚለው ነው። ጽሑፉ በታጎች መካከል የሚወጣ ከሆነ «ያንሳል» የሚለው ምልክት ብራውዘሩ እንደ ተራ ፊደል በሚያሳየው ምትክ አጻጻፍ መለወጥ አለበት፤ በታግ ባሕርይ ውስጥ የሚወጣ ከሆነ የጥቅስ ምልክቶቹ መለወጥ አለባቸው፤ በጃቫስክሪፕት፣ በአድራሻ ወይም በስታይል ውስጥ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ የተለየ ሕግ አለው። አንዱ ጽሑፍ በአንዱ ቦታ ንጹሕ፣ በሌላው ቦታ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል፣ በመግቢያው ላይ ሆኖ አንዴ ለሁልጊዜ ማጽዳት አይቻልም።

ይህ ለእኛ ለአማርኛ ተጠቃሚዎች አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። በመግቢያው ላይ አደገኛ የመሰላቸውን ምልክት ሁሉ የሚከለክሉ የምዝገባ ቅጾች የእዝባርን ምልክት አይቀበሉም፤ እዝባርን የሚከለክል ቅጽ ግን «ወ/ሮ»፣ «ዶ/ር»፣ «ት/ቤት»፣ «ጽ/ቤት» ብሎ ለመጻፍ የማያስችል ቅጽ ነው። አፖስትሮፊን የሚከለክል ቅጽም መአዛን የመሰለ ስሙን በላቲን ፊደል በአፖስትሮፊ የሚጽፈውን ሰው ስሙን እንዲለውጥ ያስገድደዋል። ሰው ስሙን በትክክል መጻፉ ጥቃት አይደለም። ጽሑፉ እንደተጻፈ ይቀመጥ፤ ወደ ገጹ በሚወጣበት ሰዓት በሚወጣበት ቦታ ሕግ ይቀየር፤ ያኔ «ወ/ሮ» እንዳለች ትታያለች፣ ኮድም ቢሆን ማንም ሰው ያነበበው ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። የግዕዝ ፊደላት ራሳቸው ለኤችቲኤምኤል ልዩ ትርጉም ስለሌላቸው አንድም ፊደል መንካት አያስፈልግም።

ማይስፔስን የመሰለ፣ ተጠቃሚው የራሱን ኤችቲኤምኤል እንዲጽፍ የግድ የሚፈቅድ አገልግሎት ግን በዚህ ብቻ አይድንም፤ ሁሉን ነገር ወደ ተራ ጽሑፍ ከለወጠው ጌጡም ይጠፋልና። ለእንዲህ ዓይነቱ የሚሠራው መንገድ የተከለከሉትን መዘርዘር ትቶ የተፈቀዱትን መዘርዘር ነው። ጽሑፉ በቃል ፍለጋ ሳይሆን ብራውዘር እንደሚያደርገው ታግ በታግ ተተንትኖ ይፈርሳል፤ በፈቃድ ዝርዝሩ ላይ ያሉት ታጎች፣ ባሕርያትና የስታይል እሴቶች ብቻ ተለቅመው ገጹ ከእነርሱ እንደ አዲስ ይገነባል። የመደብ ሥዕል አድራሻ በዚህ መንገድ ቢመረመር ኖሮ፣ ቃሉ በመስመር ቢሰበርም ባይሰበርም፣ በተፈቀደ የአድራሻ ዓይነት ስላልጀመረ ብቻ ይወድቅ ነበር። ኦዋስፕ የተባለው የድረ ገጽ ደህንነት ድርጅት ይህን ሥራ በጃቫ ቋንቋ ለሚሠሩ ገንቢዎች የሚሠራ ዝግጁ ኮድ (ላይብረሪ) ያወጣ ሲሆን፣ ስሙን ከዚሁ ክስተት ወስዶ «አንቲሳሚ» ብሎታል።

ከዚያ በስተጀርባ ሁለተኛ መስመር ሆኖ የሚቆመው የይዘት ደህንነት ፖሊሲ የሚባለው ነው። ሰርቨሩ ከገጹ ጋር በሚልከው መመሪያ «ከእነዚህ ፋይሎች በስተቀር ምንም ኮድ አታስኪድ» ብሎ ለብራውዘሩ ይነግረዋል፤ በ2011 በወጣው በፋየርፎክስ አራተኛ እትም ውስጥ ተካትቶ ከዚያም በሌሎቹ ብራውዘሮች ተስፋፍቷል። በገጹ መካከል የተጻፈ ኮድ በጥብቅ ፖሊሲ ስር ስለማይሄድ፣ ማጣሪያው ቢሳሳት እንኳ ትሉ አይነሳም። በዘመናችን ያሉ ብራውዘሮችም በስታይል ውስጥ የተጻፈ ጃቫስክሪፕት አያስኬዱም። እንደ ሪአክት ያሉ የድረ ገጽ መገንቢያ መሣሪያዎች ደግሞ ጽሑፍን በነባሪነት ይቀይራሉ፤ ጥሬ ኤችቲኤምኤል ማስገባት የሚፈልግ ገንቢ በስሙ ውስጥ «አደገኛ» የሚል ቃል የያዘ ትእዛዝ በእጁ እንዲጽፍ ይገደዳል። ይህን ስያሜ በጣም እወደዋለሁ፤ የሌላውን ሰው ኮድ የሚገመግም ባልደረባ ያንን ቃል በፍለጋ አግኝቶ «ይህ ጽሑፍ ከየት መጣ?» ብሎ ለመጠየቅ ያስችለዋልና።

ያም ሆኖ በጁን 2014 የትዊተር ንብረት የነበረው፣ ትዊቶች የሚነበቡበት ትዊትዴክ የተባለው መተግበሪያ በተመሳሳይ መንገድ ተጠቅቷል። በአንድ ትዊት ውስጥ የተጻፈ ኮድ ባነበቡት ሰዎች ስም ራሱን እያስተላለፈ ከ80,000 ጊዜ በላይ ተሰራጨና አገልግሎቱ ለጊዜው ተዘጋ። ትዊትዴክ ጽሑፍን በሚገባ ይቀይር ነበር። ክፍተቱ የተገለጠው አንድ ተጠቃሚ የልብ ምልክት ለመጻፍ ሲሞክር ነው፤ ምልክቱን ወደ ትንሽ ሥዕል የሚለውጠው ክፍል ሥራውን ሲሠራ፣ ልብ ያለበት ትዊት በሙሉ የጽሑፍ ቅየራውን ሳያልፍ እንደ ኤችቲኤምኤል ወደ ገጹ ይወጣ ነበር።